የይመር ዓሣ

ልጅ ሳለሁ በእኛ ሰፈር ውሸት የራሱ ስም ነበረው፤ «የይመር ዓሣ» ይባል ነበር። ከጎብዬ ገበያ የተመለሰ ሰው የበሬውን ዋጋ አጋንኖ ሲያወራ «ይሄስ የይመር ዓሣ ነው» ይሉታል፤ አርፍዶ የመጣ ተማሪ «ጎርፍ አግዶኝ ነው» ሲል «የይመር ዓሣ ነው ያገደህ» ተብሎ ይሳቅበታል። ይመር አያቴ ናቸው። አባቴ ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተ ያሳደጉኝም፣ ትምህርት ቤት በስማቸው ያስመዘገቡኝም እሳቸው ነበሩ፤ ስለዚህ መምህሩ ስም ሲጠራ «ሰዓዳ ይመር» ከማለቱ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ አፉን እንደ ዓሣ ከፈት ዘጋ ያደርግልኝ ነበር። ያ ስም እንዴት እንደወጣና ኋላ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ለዚህ መጀመሪያ ጎርፋችንን ማስረዳት አለብኝ፤ ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁና ታገሡኝ። በቆቦና በሮቢት መካከል ያለው ሜዳ ዝናብ አይጠግብም፤ ማሽላችንን የሚያበቅለው ሌላ ቦታ የዘነበ ዝናብ ነው። ክረምት ላይ በምዕራብ ያሉት ተራሮች ይጠቁራሉ፤ እኛ ዘንድ ሰማዩ ኮከብ ሞልቶት ሳለ ከላይ የወረደው ውሃ ቀይ ሆኖ እያጉረመረመ ይመጣል፤ ገበሬውም በአፈርና በእሾህ ቅጥር ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራዋል። ጎርፍ ቀጠሮ የለውም። ተራ የደረሰው ሰው አካፋውን አጠገቡ ተክሎ፣ ልጆቹን ይዞ፣ ከማሳው ጫፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ተረት የምንሰማው እንግዲህ ያኔ ነበር፤ የግራር ፍም በመካከላችን ቀልቶ፣ ጭሱ ከወባ ትንኝ ጋር እየተጣላ፣ ፋኖሱ ከአካፋው እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እኛ ልጆች የማሽላ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ትልልቆቹ አንድ ጆሯቸውን ለተረቱ አንዱን ለተራራው ሰጥተው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች የጅብና የቀበሮ ያወራሉ። አያቴ የዓሣ ነበር የሚያወሩት።

ገና ወጣት ሳሉ ሥራ ፍለጋ ባሌ ድረስ ሄደዋል። እዚያ ከደጋው ወንዝ ዓሣ ለማጥመድ የሚመጡ እንግዶች ነበሩ፤ አያቴ በቅሎ እየሳቡ ዕቃቸውን ያደርሱላቸው ጀመር፤ ኋላም አንድ ሽማግሌ እንግዳ ሙያውን አስተማራቸው። «ውሃው» ይሉን ነበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከመጥራቱ ብዛት ከታች ያለው ጠጠር እጃችሁ ላይ ያለ ይመስላችኋል። ዓሣው ትራውት ይባላል፤ ጀርባው እንደ ነብር ዝንጉርጉር ነው። ልጆቹን ከባሕር ማዶ አምጥተው ነው የለቀቋቸው። ኩሩ ቁርጡሚ ነው።» ቁርጡሚ በኦሮምኛ ዓሣ ማለት ነው፤ ሲያቆላምጡት እንዲያ ነበር የሚሉት። «ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ይቆምና ሽቅብ ያያል። ዝንብ ውሃው ላይ ስታርፍ ብቅ ይልና ቀለብ ያደርጋታል።»

ታዲያ የሚያጠምዱት በላባ ነው። መንጠቆው ላይ የዶሮ ላባ በክር ይጠመጠምና ዝንብ ይመስላል። ይሄን ስሰማ እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር፤ ላባ ወርውራችሁ ታውቁ እንደሆነ እግራችሁ ሥር ነው የሚወድቀው። አያቴን ስጠይቃቸው ደስ አላቸው። የሚወረወረው ላባው አይደለም፣ ገመዱ ነው። ገመዱ ከእጅ በኩል ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ እንደ ጅራፍ ወደ ኋላ ይዘረጋና፣ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ተጠብቆ፣ ወደ ፊት ይላካል። ላባው የገመዱ እንግዳ ነው፤ ገመዱ በሄደበት ይሄዳል። ከጅራፍ የሚለየው መጮህ የለበትም፤ ከጮኸ ላባው ከጫፉ ተበጥሶ ይቀራል። ይሄን ሁሉ በባዶ እጃቸው በፍሙ ብርሃን እያሳዩ ይነግሩን ነበር፤ ጥላቸው ከኋላ ማሽላው ላይ ሲወዛወዝ አሁንም ይታየኛል።

የውሃ አባታችን አራጌ ነበር። የውሃ አባት ማለት ጎርፉ ሲመጣ ማን መቼ ቅጥሩን እንደሚከፍት የሚወስን፣ ሕዝቡ የመረጠው ሰው ነው። አራጌ ያኔ ገና ጎልማሳ፣ ፍርዱ የተመሰገነ፣ ምላሱ ግን የማትራራ ሰው ነበር።

«አያ ይመር፣ ቆይ እስቲ» አለ አንድ ምሽት። «ዓሣው ላባ በላ?»

«በላ።»

«እናንተስ ዓሣውን በላችሁት?»

«ትንሹን እንለቀዋለን። እንቁላል የያዘችውንም እንለቃታለን።»

«እንግዲያ ማን ጠገበ? ዓሣው ላባ በላ፣ እናንተ አልበላችሁ፣ ዶሮዋ ተነጭታ ቀረች።»

ሰው በሳቅ ፍሙ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አያቴም ሳቁ፤ ያኔ ገና ቀልድ ነበር።

ስሙ የወጣው በዚያው ክረምት ነው። ጎርፉ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ መጣ፤ በእኛ አገር ጎርፍ ቀን ከመጣ ሰው ሁሉ ወንዙ ዳር ወጥቶ ያያል። አራጌ ከሰው መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ «አያ ይመር፣ ይኸው ውሃው መጣልዎ፤ ላባው የት አለ?» አለ። አያቴ እንዲያ ባለ ውሃ እንደማይሠራ አሳምረው ያውቁ ነበር። የላባ ማጥመድ የዓይን ነገር ነው፤ ዓሣው ካላየ አይመጣም፤ ጎርፋችን ደግሞ ውሃ ከመሆኑ ይልቅ አፈር መሆኑ ይቀላል። ግን ሰው ሁሉ እያየ ነበር፣ እኔም እያየሁ ነበር። ቤት ገብተው ሽመላቸውን ይዘው መጡ። ጫፉ ላይ ከፈረስ ጭራ የተገመደ ገመድ ነበረበት፤ የማሲንቆ ጅማት የሚሠራበት ዓይነት። ወረወሩ። ገለባ ይዞ መጣ። ደግመው ወረወሩ፤ የሆነ ነገር ከበደ፣ አያቴ ቀስ እያሉ ጎተቱ፤ የወጣው አንድ እግር ኮንጎ ጫማ ነበር።

«ቁጥሩ ስንት ነው? ለእኔ ይሆን?» አለ አራጌ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሲዋሽ የይመር ዓሣ ሆነ። አያቴ ግን ተቆጥተው አያውቁም፤ ዝም ነው ያሉት። ጎርፍ ስንጠብቅ ከፍሙ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ «አያ ይመር፣ እስቲ ከዚያ ከባሌው» ሲባሉ «ረሳሁት» ይላሉ። ያ መርሳት ለእኔ ከስድቡ ሁሉ የባሰ ነበር። ተረቱ እውነት መሆኑን ማወቅ ፈለግሁ፤ እውነት ካልሆነ ያሳደገኝ ሰው ማን ነው?

ክረምቱ ወጣ። ጥቅምት ላይ ደጋሌት የሚባለው ማሽላችን ፍሬ ሲይዝ ወፍ ለመጠበቅ ማማ ላይ ወጣሁ። ማማ ከእንጨት የተሠራ ከፍ ያለ መቀመጫ ነው፤ እዚያ ተቁሞ ወንጭፍ ይወነጨፋል። የእኛ ማሳ ጫፉ ጎሊና ወንዝ ላይ ነበር፤ ከማማው ሥር፣ ወንዙ በሚጠመዘዝበት፣ ጎርፉ የቆፈረው ጥልቅ ኩሬ አለ። ውሃው ያን ጊዜ ጠርቶ ነበር። እኔም ከወፉ ይልቅ ኩሬውን ማየት ጀመርኩ፤ ማሽላው ትንሽ ተበልቷል፣ እሱን አልክድም። ነፋስ ሲነፍስ ከማሽላው ቅጠል ላይ ፌንጣ ውሃው ውስጥ ይወድቃል፤ ይንፈራገጣል፤ ከዚያ ከሥር አንድ ጥላ ይነሣና «ጵ» የምትል ድምፅ ትሰማለች፤ ፌንጣው የለም። ብዙ ቀን አየሁት። ትንኝም ዝንብም ያርፋል፤ ጥላው አይነቃነቅም። ፌንጣ ሲሆን ይነሣል።

ማታ ለአያቴ ነገርኳቸው። «አባባ፣ ኩሬው ውስጥ ዓሣ አለ። የሚበላው ፌንጣ ነው።»

«ረሳሁት» የሚሉኝ መሰለኝ። ቆይተው ግን «ፌንጣው አረንጓዴው ነው ቡናማው?» አሉኝ።

በሕይወቴ ከተጠየቅሁት ጥያቄ ሁሉ እንደዚያ ያኮራኝ የለም። «ቢጫ የሚመታው» አልኩ።

ተነሡና ከሣጥናቸው አንዲት የቆርቆሮ ዕቃ አወጡ። ውስጧ ያሉት ላባዎች ሁሉ ጥቃቅንና ጥቋቁር ነበሩ። «ለካስ የሰው አገር ዝንብ ነው የሰጠሁት» አሉ እየሳቁ። «የራያ ዓሣ የባሌን ዝንብ ከየት ያውቀዋል?»

ፌንጣውን አብረን ሠራነው። የልብስ መርፌ ፍም ውስጥ አግለን በጉጠት አጠፍነው፤ ካጠፍነው በኋላ እንደገና አግለን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርነው፤ ይሄ ካልተደረገ መንጠቆው እንደ ሽቦ ይተጣጠፋል። ሆዱን ከደረቀ የማሽላ አገዳ ውስጥ ከሚገኘው ነጭ ልብ ቀረጽነው፤ እሱ ነገር ቀላል ነው፣ ውሃ ላይ አይሰጥምም። በእርድ ቢጫ ቀባነው። ክንፉ የቆቅ ላባ፣ እግሩ ከቀዩ አውራ ዶሯችን አንገት የተነቀለ ሆነ። ከፈረስ ጭራው ገመድ ጫፍ ላይ ከቆቦ የተገዛ ቀጭን ናይሎን ቀጠልን፤ ዓሣው ገመዱን እንዳያይ። እናቴ አየት አደረገችንና «ዶሮዬን የነጨው ማን ነው?» ብላ አለፈች።

እንደጨረስን ነው ክፉ ወሬ የሰማነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ለገና ጾም ቆቦ ከተማ ላሉ ምግብ ቤቶች ዓሣ ሊሸጡ አስበዋል፤ ቅዳሜ ኩሬውን ብርብራ ሊጨምሩበት ነው። ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው፤ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ትንፋሽ ያጥረውና ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም፣ የጣት ጥፍር የምታክለዋም። ለዓመቱ የሚቀር ነገር የለም። አያቴ ከኮንጎ ጫማው ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አራጌ ቤት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«አራጌ፣ ኩሬው ከብት የሚጠጣው ነው። ዘሩንም አታስጨርስ።»

«ምን ዘር አለውና አያ ይመር? ኮንጎ ነው እንጂ ያለው።» ከዚያ ፊታቸውን አየና ትንሽ አፈረ መሰለኝ። «እሺ። በዚያ በላባዎ አንድ ዓሣ አውጥተው በዓይኔ ያሳዩኝ። ያኔ ብርብራ ወንዙ አጠገብ እንዳይደርስ አደርጋለሁ። ካላወጡ ግን ልጆቹን አልከለክልም።»

«ከቅዳሜ በፊት?»

«ከቅዳሜ በፊት።»

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወረድን። አራጌ በሬዎቹን ሊያጠጣ መጥቶ ከወዲያኛው ዳር ቆሞ ነበር፤ ሌላ ሰው አልነበረም። አያቴ ነጭ ፎጣቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፤ ነጭ ልብስ ለዓሣ እንደ መብራት ነው። ፀሐይዋን ከፊታቸው አደረጉ፤ ከኋላ ከሆነች ጥላችሁ ከእናንተ ቀድሞ ውሃው ላይ ይደርሳል። ከዚያ ያ ሽማግሌ ሰው በጉልበታቸው እየዳኹ እስከ ዳሩ ሄዱ። አራጌ አልሳቀም፤ ይገርመኛል።

የመጀመሪያው ውርወራ አጠረ። ቀጥሎ ፌንጣችን ቁጥቋጦ ላይ ተሰቀለና ቀስ ብዬ ሄጄ አወረድኩት። ከዚያ ገመዱ ከኋላቸው ቀጥ ብሎ ሲዘረጋ አየሁ፤ ልክ በፍሙ ብርሃን በባዶ እጃቸው ሲያሳዩን እንደነበረው፤ ድምፅ ሳያሰማ ሄደና ፌንጣው ከማሽላ ቅጠል የወደቀ መስሎ አረፈ። ምንም የለም። አያቴ የሽመላቸውን ጫፍ ነካ አደረጉት። ፌንጣው ተንፈራገጠ። ጥላው ተነሣ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዓሣው አፉን ሲከፍት ካያችሁ እጃችሁ በራሱ መጎተት ይፈልጋል፤ ከጎተታችሁ መንጠቆውን ከተከፈተ አፍ ውስጥ ነው የምታወጡት። አፉን ዘግቶ ወደ ታች እስኪዞር መጠበቅ ነው። አያቴ መጠበቂያ ነበራቸው። «ቢስሚላህ» አሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድም ፊደል ሳይበሉ፣ ከዚያ ሽመሉን ቀና አደረጉት።

ሽመሉ ጎበጠ። ገመዱ ውሃውን እየቀደደ ኩሬውን ዞረ። አያቴ መሳብ ትተው ከዓሣው ጋር ዳሩን ይዘው ይሄዱ ጀመር፤ ሲሄድ ይሄዳሉ፣ ሲቆም ይቆማሉ። አራጌ በሬዎቹን ጥሎ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ነበር።

«ገመዱን እንዳትነካ፣ አንተ» አሉት አያቴ። «ሰዓዳዬ፣ በፎጣው ከሥር እቀፊያት።»

ገብቼ አቀፍኳት። ከክንዴ ትረዝም ነበር፤ ቅርፊቷ እንደ አዲስ ነሐስ፣ ሆዷ የተወጠረ። አያቴ በእጃቸው ሆዷን ዳሰሱ፤ ፊታቸው ተለወጠ። መንጠቆውን ከከንፈሯ ቀስ ብለው ነቀሉ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባኝና «አባባ፣ እባክህ» አልኩ። በሕይወቴ አያቴን አንተ ያልኩበት ቀን እሱ ብቻ ነው።

«እንቁላል ይዛለች» አሉ፤ ፊቷን ወደ ወራጁ አድርገው ውሃው ውስጥ ያዟት፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቁ፤ ለቀቋት። ጥላዋ ወርዶ ጠፋ።

አራጌ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቀረ። «አያ ይመር፣ ምን ሆነዋል? አሁን እኔን ማን ያምነኛል?»

አያቴ ጉልበታቸውን አራገፉ። «እኔ አምንሃለሁ» አሉት።

እኔ እያለቀስኩ ነበር ወደ ቤት የሄድኩት። ከስድብ የሚያወጣን ማስረጃ፣ ለሰው ሁሉ የማሳየው ዓሣ፣ በገዛ እጃችን ሄደ። የሚያውቀውም ያ ስም ያወጣልን ሰው ብቻ ነው። ቢክድስ?

በዚያው ዕለት ፀሐይ እንደገባች ጎረምሶቹ ከእሳት ዙሪያ ብርብራ ሲወቅጡ፣ እኔና አያቴም ከፍሙ ራቅ ብለን ተቀምጠን ሳለ፣ አራጌ መጣ። «አቁሙ» አለ። «አይቻለሁ። በላባ አወጡት። ይህን የሚያክል ነው» ብሎ ክንዱን አሳየ።

«ዓሣው የት አለ?»

«ለቀቁት።»

አንደኛው ጎረምሳ የወቀጠበትን ዘነዘና አስቀምጦ «ይሄ ደግሞ የአራጌ ዓሣ ነው» አለ። ሳቁ። አራጌ በማርያም ማለ፤ ሳቁ። የበሬዎቹን ስም ጠርቶ ምስክር አደረጋቸው፤ ባሰባቸው። ፍሙ ፊቱ ላይ ሲበራ ላብ ይታይ ነበር፤ በሰው ላይ ቀልዶ እንጂ ተቀልዶበት አያውቅም። በመጨረሻ ወደ አያቴ ዞሩ። «አያ ይመር፣ እውነት ነው?»

አያቴ ቆሏቸውን ቆርጥመው ጨረሱ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ። «አራጌን ጠይቁት። ባለ ዓሣው እሱ ነው።»

አራጌ ከዚያ በኋላ አልለመናቸውም። የውሃ አባት ነውና ተነሥቶ ፈረደ፦ በዚህ ወንዝ ብርብራ የጨመረ ሰው በሚመጣው ክረምት የጎርፍ ተራውን ያጣል። ከዚህ የከበደ ቅጣት እኛ አገር የለም፤ ተራ ማጣት ማሽላ ማጣት ነው። ሳቁ ቆመ። የተወቀጠውም ብርብራ ከወንዙ ርቆ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ተቀበረ። አያቴ ወደ ፍሙ ጠጋ ብለው ተቀመጡ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው «ባሌ ሳለሁ» ብለው ጀመሩ። አራጌ «ዝም በሉ፣ ይሰማ» እያለ ሰውን ይገሥጽ ነበር።

አያቴ አሁን የሉም። ሽመሉና የቆርቆሮዋ ዕቃ እኔ ዘንድ ናቸው። በስልኬ የውጭ አገር ሰዎች ሲያጠምዱ እያየሁ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ገመድ የሚጠቀለልበትን መዘውር፣ ከፕላስቲክ የሚሠራውን ትል። ባስ የሚባል ዓሣ እንዳለም ያወቅሁት ከዚያው ነው፤ ከወደቀ ግንድ ሥር ይደበቃል፤ ስለራበው ብቻ ሳይሆን ስለተናደደም ይነክሳል ይላሉ። አራጌን አስታወሰኝ። ለሰፈሩ ልጆች ይሄን ሁሉ አስረዳለሁ፤ ብዙ ትናገሪያለሽ ይሉኛል፤ እውነት ነው። ኩሬው ግን ዛሬም ዓሣ አለው። ማሽላ በሚያሽትበት ወር ማማ ላይ የወጣ ልጅ ሁሉ «ጵ» የምትለዋን ድምፅ ያውቃታል።

ስሙም አልጠፋም፤ ሮቢት ላይ አሁንም ትሰሙታላችሁ። አንድ ሰው የማይመስል ነገር አውርቶ፣ ግን ሲምል ላብ ላብ ሲለው፣ ሽማግሌዎቹ ይተያዩና «ተዉት፣ የይመር ዓሣ ሳይሆን አይቀርም» ይላሉ። ያኔ መሳቅ ይቆማል፤ ሰውየው እስኪጨርስ ይጠበቃል። እኔም በመካከሉ ካለሁ፣ ነገሩን ከአፉ ልነጥቅ ሲቃጣኝ፣ በልቤ ቢስሚላህ እላለሁ፤ ሳልቸኩል፣ አንድም ፊደል ሳልበላ።